ፓንክራት ዬፊሞቪችና በጓሯቸው የቆመው የብረት ቱቦ

ድንቹ ተለቅሞ ጓዳ ከገባ በኋላ፣ በረዶው ደግሞ ከመውረዱ በፊት፣ በእኛ መንደር በኤሎቭካ ጭቃ ብቻ የሚነግሥበት ጊዜ አለ። ያኔ ሰው ከቤቱ የሚወጣው የግድ ሲሆንበት ነው። እኔ የመንደሩ ጤና ረዳት ስለሆንኩ ሁልጊዜ የግድ ይሆንብኛል። ጡረታ የምወጣበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ተተኪ ግን አልተላከም፣ እኔም መጠየቁ ሰልችቶኛል። ያን ቀን ጠዋት ቦርሳዬን በትከሻዬ አንጠልጥዬ፣ አንዱን ቦት ጫማ ከጭቃው ስነቅል ሌላው እየተተከለብኝ፣ የኡስቲኒያን የእጅ አንጓ ለማየት እሄድ ነበር።

ኡስቲኒያ ባለፈው ክረምት ከቦኖው ውሃ ቀድታ ስትመለስ በረዶ አዳልጧት ወደቀች። አንጓዋን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ የተቻለኝን ባደርግም አጥንቱ ጠምሞ ገጠመ። እሷ እንደሆነች አታማርርም። የሚያማርሩት ባሏ ፓንክራት ዬፊሞቪች ናቸው።

ከመታጠፊያው ላይ ስደርስ አንድ አሮጌ ዋዝ መኪና እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ከጎማው ሥር ሳንቃ የምትከት አንዲት ሴት ቀና ስትል አወቅኋት። ታይሲያ ናት፣ የሟቹ የኢግናት ልጅ። ከወንዙ ማዶ በሽቦ በታጠረው ከተማ ውስጥ የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። እኛ ያንን ከተማ በስሙ ጠርተነው አናውቅም፤ «ሽቦው» ነው የምንለው። ፓንክራት ዬፊሞቪች የክርስትና አባቷ ናቸው፤ ክርስትና ማስነሣት ከሥራ በሚያስባርርበት ዘመን በድብቅ፣ በገዛ ማድ ቤታቸው ያስነሷት።

«ደህና አደሩ፣ ኖና አርካዲዬቭና። ይቅርታ፣ መንገድ ዘጋሁብዎት።»

«መንገድ ቢኖር አይደል የሚዘጋው! ደህና አደርሽ። ብቻሽን ነሽ?»

«ሾፌሩ ታመመብኝ። ናሙና ለመውሰድ ነው የመጣሁት።» ሳንቃውን ጣለችና እጇን በሱሪዋ ጠረገች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ እንቅልፍ ያልጠገበች ይመስላል። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባባ ፓንክራት ፓምፕ ገዙ የሚባለው እውነት ነው?»

«እንዴ! ያልሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ጓሯቸው ባለው ቱቦ ውስጥ ሊያወርዱት ነው። ዘንድሮ ኡስቲኒያ ከቦኖ ውሃ አትቀዳም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለው ምለዋል።»

ታይሲያ መኪናውን ተደገፈች። ከዚያ፣ «ቱቦው ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» አለችኝ።

«የጂኦሎጂስቶች ቱቦ ነው።» ሁላችንም እንዲያ ነው የምንለው። በየጫካውና በየግጦሹ ብዙ አሉ፤ ክዳንና ቁልፍ ያላቸው፣ ቁጥር የተጻፈባቸው። እንጉዳይ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ያሳርፉባቸዋል፤ ከብት ይታከክባቸዋል።

«ሽቦው ውስጥ ከሚሠራው ሥራ ጨረራ ያለበት ፍሳሽ ይወጣል። ያ ፍሳሽ በጥልቅ ጉድጓድ ወደ ምድር ሆድ ይገፋል። ቱቦዎቹ የተተከሉት ፍሳሹ እስከ የት እንደሄደ ለመከታተል ነው። እዚህ አልደረሰም። እንዳይደርስም ነው እኔ የምደክመው።»

አልደነገጥኩም ብል ውሸት ነው፤ ጨርሶ አላውቅም ነበር ብልም ውሸት ነው። በእኛ አገር ሰው የሚያውቀውንና የሚናገረውን ለየብቻ ማስቀመጥ ለምዷል። «ታዲያ ፓንክራት ዬፊሞቪች ይህን አያውቁም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቱቦውን እሳቸው ራሳቸው ናቸው ያወረዱት» አለች። «ከአባቴ ጋር፣ በአንድ ፈረቃ።»

ይህንን ግን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የደም ግፊታቸውን ስለካ፣ ሲጠየቁ በሽቦው ውስጥ የማሞቂያ ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ ነው የሚሉት። መኪናውን እዚያው ትተን ሁለታችን በእግር ሄድን።

*

ፓንክራት ዬፊሞቪችን በረንዳው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ፓምፑን ጭናቸው ላይ አጋድመው በቅባት ያሹታል። ከጓሮው፣ ከጎመኑ መደብ ባሻገር፣ ቱቦው ቆሟል፤ ክዳኑ ተከፍቶ የተቆረጠው ቁልፍ መሬት ላይ ወድቋል።

«ልጄ መጣች!» አሉ ፊታቸው በርቶ። «ኡስቲኒያ! ነይ ማንን እንዳመጣሁ እዪ!»

«አንተ መቼ አመጣሃት፣ በእግሯ መጣች እንጂ» አለች ኡስቲኒያ ከውስጥ ስትወጣ። ሳመችን፣ አገላብጣ አየችን፣ ከስታችኋል አለችን። አንጓዋን እንድታሳየኝ ብጠይቃት፣ «ቆይ፣ መጀመሪያ ሻይ» ብላ የውሃውን ጣሳ ከፈተች። ባዶ ነበር። ትልቁን የወተት ጣሳ ጋሪ ላይ አድርጋ ስትነሳ እኔ ልሂድ ብላት፣ ታይሲያም ልቀበልሽ ብትላት፣ «እንግዳ ውሃ ሲቀዳ የት ታየ? ደግሞ አሁን ጭቃ ነው፤ ጭቃ አጥንት አይሰብርም» ብላን ወጣች። የጋሪው ጎማ ሲንቋቋ እስከ አጥሩ ጥግ ድረስ ተሰማን።

ሽማግሌው በዓይናቸው ሸኟት። «አያችሁ? ይሄ ነው ምክንያቱ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ታይሲያ አጠገባቸው ተቀመጠች። «አባባ፣ ስለ ቱቦው ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ሰረቅ አድርገው አዩና፣ «ስለ ሥራ እዚህ አይወራም» አሉ።

«ኖና አርካዲዬቭና ያውቃሉ፤ እኔ ነገርኳቸው። ያኔ ምስጢር እንጠብቃለን ብለው የፈረሙት ወረቀት እኮ ጊዜው አልፎበታል። አሁን ጋዜጣ ላይ ይወጣል።»

«ጋዜጣው ይናገር። እኔ ጋዜጣ አይደለሁም።» ቅባት የነካውን ጨርቅ አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሱና፣ «እንግዲህ እርስዎም ካወቁ ይቀመጡ፣ ኖና አርካዲዬቭና። ሰው ቆሞ ሲሰማኝ አልወድም» አሉኝ።

ተቀመጥኩ። እግሬ እንደሆነ ከመንገዱ ጀምሮ ይለምነኝ ነበር።

«ይህን ቱቦ ለውሃ እንዳይጠቀሙበት ልለምንዎት ነው» አለች ታይሲያ። «እንደ ባለሙያ ብመጣ ወረቀት ይዤ እመጣ ነበር። እንደ ልጅ ነው የመጣሁት።»

«እንደ ልጅ ከመጣሽ እንደ አባት ልመልስልሽ። ከእኛ በፊት ፍሳሹ የት ይፈስ እንደነበር ታውቂያለሽ? ሜዳ ላይ፣ ኩሬ ውስጥ! ዳክዬ ይዋኝበት ነበር። ያ ዳክዬ ተነሥቶ ይበርና የሆነ ሰው ድስት ውስጥ ይገባል። በጋ ሲሆን የኩሬው ዳር ይደርቅና ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ይሄዳል። እኔና አባትሽ ነን ከፀሐይ በታች ያነሳነው። ከላይ ሸክላ፣ ከታች ሸክላ፣ መሃሉ አሸዋ። አሸዋው ይጠጣዋል፣ ሸክላው ይይዘዋል። ያን ሸክላ ከመቆፈሪያው ሲወጣ በእጄ ይዤዋለሁ፤ ልክ እንደ ሳሙና ነው። ጠብታ አያሳልፍም። እና እኔን በሱ ልታስፈራሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። በዚህስ አልከራከርዎትም፤ እኔም ከኩሬው ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ላዩ ላይ ተከፍቶ ከሚቀመጥ፣ ከሰውም ከእንስሳም ርቆ ጥልቅ መግባቱ ይሻላል። ጥሩ ሥራ ነው የሠራችሁት።»

«እሰይ! ታዲያ ለምን እንጨቃጨቃለን?»

«ሁልጊዜ ‹ሸክላው የድስት ክዳን ነው› ነው የሚሉኝ አይደል? ይሁን። ይሄ ቱቦ ታዲያ ምንድነው? በክዳኑ ውስጥ ያለፈ ቀዳዳ እኮ ነው።»

«የተደፈነ ቀዳዳ!» አሉ ጣታቸውን አንሥተው። «ከሸክላው በታች ያለው በሲሚንቶ ተደፍኗል። አሁን ቱቦው የሚነካው ከሸክላው በላይ ያለውን ንጹሑን አሸዋ ነው። በየመከሩ እየመጣሽ በጠርሙስ ትቀጃለሽ፤ ‹ንጹሕ ነው፣ አባባ› ትዪኛለሽ። ዋሽተሽኝ ነበር እንዴ?»

«አልዋሸሁም። ንጹሕ ነው።»

«ካልሽስ! ንጹሕ ውሃ ጓሮዬ ቆሞ ሚስቴ በረዶ ላይ ትሰበር?»

እውነቴን ነው፣ እዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። የተማረ ሰው አይሆንም ለማለት አይቸገርም፤ አይሆንም ካለ በኋላ ባልዲውን የሚሸከመው ሌላ ነው። ታይሲያም ይህን ሳታውቀው አልቀረችም፤ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዓይኗን በመዳፏ አሸች።

«አባባ፣ ውሃው ንጹሕ የሆነው ማንም ስለማይስበው ነው። እኔ በዓመት አንዴ ጥቂት ጠርሙስ እቀዳለሁ። እርስዎ ግን ለላሟ፣ ለመታጠቢያ ቤቱ፣ ለጎመኑ፣ ቀን ከሌት ሊስቡት ነው። ፓምፕ ሲጠባ ደግሞ መርጦ አይጠባም። ከጎን ያለው ይመጣል፤ መንገድ ካገኘ ከታች ያለውም ይመጣል። ፍሳሹ ዛሬ እዚህ የለም። ነገር ግን የውሃውን አካሄድ ወደዚህ እናዞረዋለን ማለት ነው።»

«በአንዲት ላም?»

«በአንዲት ላም አይደለም። ሉኬሪያ የእርስዎን ፓምፕ እያየች ዝም ብላ ትቀመጣለች?»

ሽማግሌው ወደ አጥሩ ዘወር አሉ። ሉኬሪያ የአጥር ጎረቤታቸው ናት፤ ሌላው ጣሪያውን ሰማያዊ ከቀባ እሷም ሰማያዊ ሳትቀባ እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔም ነገሩን ላግዝ ብዬ፣ «የልጇ ባል ግጦሹ ላይ ባለው ቱቦ ላይ ቀይ ጨርቅ አሥሯል። ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ብሎ ነው አሉ» አልኩ።

«እኔን አይቶ?» አሉ ፓንክራት ዬፊሞቪች።

«ታዲያ ማንን አይቶ?»

ፓምፑን አገላበጡ። የተሸነፉ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደገና ተነሡ። «እሺ፣ ሉኬሪያን እኔ እከለክላለሁ። የኔ አንድ ቱቦ ግን ምን ይጎዳል? ከውስጥ ተደፍኗል፣ ከውጪ ደግሞ በብረቱና በአፈሩ መሃል እስከ ላይ ሲሚንቶ ተሞልቷል። መንገድ ካገኘ አልሽ፤ መንገድ የለም! ደግሞ ቦኖውን አትንገሪኝ። ለመንደሩ ምክር ቤት ውሃውን እስከ እኛ መንገድ አስገቡልን ብለን ስንት ጊዜ ለመንን? ቧንቧው አለ፣ ቆፋሪ የለም ነው መልሱ።»

«ቆፋሪማ እኛ ነን» አልኩ። «ድሮ ሰው ቤት ሲሠራ ደቦ ይጠራ አልነበር?»

«ደቦ! ማን ይመጣልዎታል፣ ኖና አርካዲዬቭና? መንደሩን አላዩትም? ወጣቱ ሄደ፣ የቀረው ወገቡን ይዞ ነው የሚያድረው።»

ደቦ ስል እኔም አላመንኩበትም ነበር። ታይሲያ ቱቦውን ትመለከት ነበር። ነገሩን ለማሸነፍ ብላ ያላሰበችበት፣ ለወሬ ያህል የሆነ ጥያቄ ጠየቀች።

«እስከ ላይ ተሞልቷል የሚለውን እኛም እንዲያው ሰምተን ነው የተቀበልነው። ያኔ ሲሞላ እርስዎ ነበሩ?»

የሽማግሌው እጅ ፓምፑ ላይ ቆመ። ብዙ ሽማግሌዎችን አክሜያለሁ፤ ሰው የሚያመው ቦታ ሲነካ ፊቱ ላይ የሚሆነውን አውቃለሁ። ታይሲያ ጥያቄዋ ምን እንደነካ አልገባትምና ጠበቀች።

«የአብዮቱ በዓል ዋዜማ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሥራው ለበዓሉ ይደርሳል ተብሎ ከላይ ቃል ተገብቷል። ካልደረሰ ፈረቃው በሙሉ በስብሰባ ፊት ይዋረዳል። ብርዱ እንዴት እንደነበር አልነግርሽም፤ ምራቅ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆን ነበር። ሲሚንቶው በሚገፋበት ጎማ ውስጥ እየጠጠረ አስቸገረን። ወጉ እንዲህ ነው፤ ሲሚንቶው ከታች ተነሥቶ በቱቦው ዙሪያ ከመሬት ብቅ እስኪል ትጠብቂያለሽ። ብቅ ሲል በዓይንሽ አይተሽ ነው በቃ የምትዪው።»

«እና?»

«አልወጣም።»

ነፋስ የቱቦውን ክዳን እየመታ አንቃጨለው። ማንም ተነሥቶ አልዘጋውም።

«ጠበቅን፤ አልወጣም። የሲሚንቶው መኪና ባዶ ሆነ። ሌላ መኪና እንዳንጠራ ሾፌሮቹ ለበዓሉ ሄደዋል። እና ላይ ላዩን በአካፋ ሞላነውና በቦት ጫማ ረገጥነው። ለዓይን ግን አማረ።»

«አለቀ ብሎ የፈረመው ማን ነው?» አለች ታይሲያ። ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

ፓንክራት ዬፊሞቪች አንገታቸውን ደፉ።

«አባቴ ነው» አለች እሷ ራሷ።

«የፈረቃው ኃላፊ እሱ ነበራ። አልፈርምም ብሎ ነበር፣ ስሚኝ፤ ብዕሩን ይዞ ቆሞ ነበር። ‹ፈርም እንጂ ኢግናት፣ ብርድ ገደለን› ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ! ስትጽፊው ይህንንም አብረሽ ጻፊው።»

«ይህን እያወቁ ፓምፕ ገዙ?»

«ረስቼው ነበር» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልረሳሁትም። ሸክላው ይበቃል ብዬ ነው። ሸክላው ጥሩ ነው፣ ያን ሁሉ ዓመት አላሳፈረንም፣ የኛ ትንሽ ጉድለት ምን ያደርገዋል አልኩ። እዚያ ያለውን ሌላ ሰው እንዳይነካው አድርገን ቀበርነው እላለሁ፤ መጀመሪያ ልነካው የነበርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ኧረ ምን ሆኜ ነው!»

ታይሲያ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ደክሟት ነበር፤ ደክሞን ነበር ብል ይሻላል። እጇን ክንዳቸው ላይ አሳረፈችና፣ «ሲሚንቶ የሚሞሉ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። አሁንም መጠገን ይቻላል» አለች። «ፓምፑ ግን አይውረድ፣ አባባ።»

«አይወርድም» አሉ።

ኡስቲኒያ ጋሪውን እየገፋች ስትገባ ጣሳው በመንገድ ላይ ፈስሶ ግማሹ ብቻ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌው ተነሥተው ጣሳውን ተቀበሏትና፣ «ተቀመጪ ኡስቲኒያ፣ የምነግርሽ አለ» አሏት። ያን ሁሉ ዘመን ሆድ ይፍጀው ብለው የያዙትን እዚያው በረንዳ ላይ፣ እኛ እየሰማን፣ አንድ በአንድ ነገሯት። እስኪጨርሱ አላቋረጠቻቸውም።

«ማሞቂያ ጣቢያ ነው ያልከኝ» አለች።

«አዎ።»

«ልብስህን ሳጥብ አንድ ቀን የከሰል ጥላሸት አይቼበት አላውቅም። ባሌ ሰነፍ ነው፣ ሌላው ሲሠራ እሱ ይደበቃል እያልኩ ስንት ዘመን ስናደድ ኖርኩ!»

ታይሲያ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ኡስቲኒያ ግን አልሳቀችም። ወደ ጣሳው እያየች፣ «ስለዚህ ከዚያ ቱቦ ውሃ የለም» አለች። «ዘንድሮም እኔው ነኝ ማለት ነው።»

«አይደለሽም» አሉ ፓንክራት ዬፊሞቪች።

*

በማግስቱ ፓምፑን ለሸጠላቸው ሰው መለሱና ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። በዚያ ጭቃ፣ በዚያ ጉልበታቸው። በር በከፈተላቸው ሁሉ ፊት ያንኑ ታሪክ ይናገራሉ፤ ምን እንዳወረዱ፣ ቱቦዎቹ ምን እንደሆኑ፣ የእሳቸው ቱቦ ለምን ባዶ ጎን እንዳለው። ሲጨርሱ፣ «እኔ የማንንም ቱቦ ልከለክል አልመጣሁም፤ አብረን እንቆፍር ልል ነው የመጣሁት» ይላሉ። እኔ አብሬያቸው የሄድኩት ግፊታቸውን እያየሁ ነው ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሰው እንዴት እንደሚቀበላቸው ማየት ፈልጌ ነበር።

የከፋው የሉኬሪያ ቤት ነበር።

«ያን ሁሉ ዘመን ከሽቦው ደህና ጡረታ እየበላህ ዝም አልክ፤ አሁን እኛ ውሃ ልናወጣ ስንል አፍህ ተከፈተ!»

«ልክ ነሽ» አሉ።

መልሱ አላስደሰታትም፤ ጠብ ፈልጋ ነበር። «እሺ እስከ መቼ ነው የማይቆፈረው?»

«ሁልጊዜ ነው፣ ሉኬሪያ።»

«ሁልጊዜ ማለት ስንት ዓመት ነው? በደንብ ንገረኝ!»

«የልጆቻችን የልጅ ልጆች የኛን ስም ከረሱም በኋላ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ለልጆችሽ ንገሪ የምልሽ። ከኛ ሌላ የሚነግራቸው የለም።»

በሩን በላያቸው ላይ ዘጋችው። ደቦው የተጠራ ቀን ግን የልጇን ባል አስቀድማ፣ እሷም የራሷን አካፋ ይዛ፣ ከሁሉ ቀድማ መጣች፤ ያ ቀይ ጨርቅም ከግጦሹ ቱቦ ላይ ተፈትቶ ነበር። የመጣው ሰው እኔ ከፈራሁት በዛ፣ ከሚያስፈልገው ግን አነሰ። የመንደሩ አሮጌ ኤክስካቫተር የመንገዱን እኩሌታ ቆፍሮ ተሰበረ። የቀረውን በአካፋ ሄድንበት። በቧንቧው ውስጥ ውሃው በረዶ እንዳይሆን ቦዩ ከሰው ቁመት በላይ መውረድ አለበትና ሥራው ወገብ ይሰብራል። ሴቶቹ ዓሣ የተሞላ ዳቦና በጨው የተያዘ ጎመን ያመጣሉ፤ ወንዶቹ ይበላሉ፣ ይሳደባሉ፣ ይቆፍራሉ። መሬቱ ከላይ በብርድ መጠጠር በጀመረበት ሰሞን ቦዩ ከመጨረሻው ቤት ደረሰ።

ታይሲያም ቃሏን ጠብቃ ሠራተኞቿን ይዛ መጣች። በመሣሪያቸው የቱቦውን ጎን ሲለኩ ልክ ሽማግሌው እንዳሉት ባዶ ሆኖ ተገኘ። በአዲስ ሲሚንቶ ሞሉት። ፓንክራት ዬፊሞቪች ከአጠገቡ አልተነሡም፤ ግራጫው ጭቃ በቱቦው ዙሪያ ከመሬት ብቅ ሲል በጣታቸው ነክተው፣ «አሁን በቃ በሉ» አሉ። ታይሲያ የሆነውን ሁሉ እንደሆነው ጽፋ ለአለቆቿ ሰጥታ ነበር። የአባቷን ስም ስትጽፍ ምን እንደተሰማት ብጠይቃት፣ «ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። አባቴን እወደዋለሁ፤ ግን ስሙን ባድን ጉድጓዱን አላድነውም» አለችኝ።

ሠራተኞቹ ዕቃቸውን ሲሸክፉ አለቃቸው፣ ነገረኛ ያልሆነ ቀጭን ሰው፣ «አባት፣ በዚያ ሰሞን የተተከሉት ሌሎችስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሽማግሌው ጥያቄውን ሲጠብቁት የቆዩ ይመስለኛል። «ሌሎችም አሉ» አሉ። «ሁሉንም አሳያችኋለሁ። ካርታ ላይ ብነግራችሁ ትስታላችሁ፤ እኔው እመራችኋለሁ።»

አንባቢዬ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለማሳቅም ለማስፈራራትም አይደለም። ክፉ ነገር ሲኖረን ከቤት ርቆ፣ ጠልቆ፣ በጠንካራ አፈር መሃል መቀበሩ ሜዳ ላይ ከመቅረቱ ይሻላል፤ ፓንክራት ዬፊሞቪች ይህን ሲሉ ትክክል ነበሩ። ስሕተታቸው ተቀበረ ማለት አለቀ ማለት መስሏቸው መኖራቸው ነው። ከላይ ያለነው ሰዎች ካልጠበቅነው፣ ካልተነጋገርንበት፣ ያጎደልነውን ጎደለ ብለን ካልተናገርን፣ ሸክላው ብቻውን አይጠብቀንም። ከተናገርን ደግሞ ጥቅሙ ይኸው በዓይናችን አየነው፤ ባዶ የቀረው ተደፈነ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተያይቶ ጉድጓድ መብሳቱን ተወ፣ ልጆች ቱቦውን እንዳይነኩ ምክንያቱን አውቀው ይርቁታል፣ ከሩቅ ምንጭ የሚመጣው የተመረመረ ውሃም በየቤቱ ገባ። ይህን ሁሉ ያመጣው የአንድ ሽማግሌ አፍ መከፈቱ ነው። ቀድሞ ቢከፈት ይሻል ነበር፤ አሁንም መከፈቱ ግን ትንሽ ነገር አይደለም።

ውሃው በእኛ መንገድ የተለቀቀው የመጀመሪያው በረዶ በወረደበት ቀን ነው። እኔ ኡስቲኒያ ቤት ነበርኩ። ቧንቧው አጉረመረመ፣ ሳለ፣ ዝገት የመሰለ ውሃ ተፋ፣ ከዚያ ጠርቶ መጣ። ሉኬሪያ ከአጥሩ ማዶ፣ «የኔ ይበልጥ ይወርዳል!» ብላ ስትጮህ ተሰማን። ኡስቲኒያ እጇን ከውሃው ሥር ይዛ ብዙ ቆየች፤ ያ የጠመመ አንጓዋ ከብርዱ ቀልቷል። ከዚያ ወደ በሩ ዘወር ብላ፣ «ፓንክራት! ና እይ!» ብላ ተጣራች።

ፓንክራት ዬፊሞቪች አልነበሩም። ከጠዋት ጀምሮ ሠራተኞቹን እየመሩ ጫካ ውስጥ ነበሩ፤ በረዶው ቁጥሮቹን ከመሸፈኑ በፊት ያን ሰሞን የተተከሉትን ሁሉ እያሳዩ። እሷም ይህ ትዝ አላት። ትልቁን ድስት አነሣች፣ ከቧንቧው ሥር አስቀምጣ እስከ አፉ ሞላችው፣ በሁለት እጇ ተሸክማ ምድጃ ላይ ጣደችው።

«ለሻይ በዛ» አልኳት።

«ለሻይ አይደለም። ያ ሽማግሌ እግሩ በርዶ ነው የሚመጣው፤ ሞቅ ባለ ውሃ ይነክረዋል» አለች። ትንሽ አሰበችና ሁለተኛ ድስት ፈልጋ አወጣች። «ከሱ ጋር ያሉትም ይምጡ። አሁን ውሃ አይቸግረኝም።»